ከቡናው በኋላ ወደ ጥግ ይወስዱሻል

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ሱስና ድባቴ የሚጠናበት ላቦራቶሪ (ላብ) ገባሽ፣ አሜሪካን ይልመድሽ። ስለ ሥራው አለቃሽ ይነግርሻል። እኔ ስለ ሰዉ ልንገርሽ።

ሰርግ ወይ ለቅሶ ቤት "ምን ትሠሪያለሽ?" ትባያለሽ። "አንጎል ላይ" ካልሽ አበቃ። ከቡናው በኋላ አንዲት እናት እጅሽን ይዘው ወደ ጥግ ይወስዱሻል። "ልጄ ከክፍሉ አልወጣ አለኝ..."

እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሌክቸር እሰጥ ነበር። በ1954 ኦልድስና ሚልነር የሚባሉ ተመራማሪዎች ሞንትሪያል ላይ አይጥ አንጎል ውስጥ ሽቦ ከተው፣ አይጧ በሽቦው ኤሌክትሪክ የሚልክላትን ማንሻ ደጋግማ ስትጫን ምን እንዳዩ ሁሉ። እናትየው ጨርሰው ሰሙኝና "ታዲያ ልጄን ምን ላድርገው?" አሉኝ። አፌን ያዝኩ።

ሐኪም እንዳልሆንሽ መጀመሪያ ተናገሪ። ግን ባዶ እጃቸውን አትሸኛቸው። 988 የሚባለው የአእምሮ ቀውስ መርጃ ቁጥር ስልክሽ ላይ ይኑር፤ ከ2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው መሆኑንም ንገሪያቸው። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን ጭንቀት ለሐኪም ማስተርጎም የለበትም። "ጸበል እየወሰድኩት ነው" ካሉሽ አትከራከሪ። መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ በያቸው።

ደግሞ "ድባቴ" የሚልሽ ሰው አትጠብቂ። "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ"፣ "ልቤን ይደክመኛል" ነው የሚሉሽ። እዚህ ያሉ ሐኪሞች ይሄን ሰምተው የልብ ምርመራ ያዛሉ። ይዘዙ፣ ጥሩ ነው፤ ግን በዚያ ብቻ እንዳይቀር።

ጫት ማጥናት ሳያምርሽ አይቀርም፣ እኔንም አምሮኝ ነበር። ካቲኖን፣ ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር፣ አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ ነው። የዲኢኤ፣ የአሜሪካ የዕጽ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ ሳይኖር ቅጠሉ ላብ አይገባም። ከአገር ቤት በሻንጣ ይምጣልኝ የሚለውን ሐሳብማ ከአሁኑ እርሺው።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። ኤንአይኤች፣ የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋሙ፣ ከሚሰጣቸው የተመራማሪ ድጋፎች ኤፍ32 የሚባለው ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ ይጠይቃል፣ ኬ99 የሚባለው ግን አይጠይቅም። ወረቀቴ አላለቀም ብለሽ እንዳትቀመጪ።

የቀረው የራስሽ ነገር ነው። ባለ 9 ጥያቄዋን የድባቴ መለኪያ በቃልሽ ታውቂያታለሽ፤ ለራስሽ ግን ሞልተሻት አታውቂም። እኔ በሁለተኛው ዊንተር፣ ሙከራዬ ለ4 ወር እምቢ ብሎኝ፣ ሰው ስልክ ሲደውል ማንሳት ሲያስጠላኝ፣ አንድ ሌሊት ላብ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞላኋት። ከ27 ነጥብ 14 አመጣሁ። በማግስቱ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝኩ።