ከጣና የሚነሣ ነፋስ እና የማማው ስሌት

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በዲዛይን ሥራ ላይ የተሰማራሁ ጀማሪ መሐንዲስ ነኝ። ከጣና ዳርቻ ጥቂት መቶ ሜትሮች ገባ ብሎ፣ በቤቶች መካከል ለሚቆም የ30 ሜትር የውኃ ታንከር ማማ የነፋስ ጭነት እያሰላሁ ነው። በእጄ ያለው መነሻ ፍጥነት ለገላጣ ሜዳ፣ ለ10 ሜትር ከፍታ የተሰጠ ነው። ወደ 30 ሜትር ለማሳደግ የአንድ ሰባተኛውን ቀመር (የከፍታዎቹን ንጽጽር ወደ አንድ ሰባተኛ ኃይል አንሥቶ ፍጥነቱን በዚያ የሚያባዛውን) ብጠቀም ይበቃል? ቦታው በቤቶች የተከበበ ስለሆነስ የከተማ መሬት ምድብ መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄዎ ነውና ከእርሱ እንጀምር። የነፋስን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ማማው የሚቆምበት መሬት ሳይሆን ነፋሱ ወደ ማማው እስኪደርስ ያቋረጠው መሬት ነው። በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ የሕንፃ ስታንዳርድ የተመሠረተበት ዩሮኮድ (የአውሮፓ የግንባታ ዲዛይን ስታንዳርድ) ሐይቅን በምድብ 1፣ ቤቶች ወይም ደን በተከታታይ የሸፈኑትን መሬት ደግሞ በምድብ 3 ያስቀምጣል፤ የሸካራነታቸው ርዝመትም (መሬቱ ነፋሱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚገልጸው ቁጥር) እንደ ቅደም ተከተላቸው 0.01 እና 0.3 ሜትር ነው። ነፋሱ አዲሱን መሬት «ለመልመድ» ርቀት ስለሚያስፈልገው፣ ግንባታው ከለስላሳው መሬት በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ የለስላሳው ምድብ እንዲወሰድ ይመከራል። ስለዚህ ከሰሜን፣ ከሐይቁ በኩል ለሚመጣው ነፋስ የእርስዎ ማማ ምድብ 1 ነው፤ በመካከል ያሉት ጥቂት ረድፍ ቤቶች ይህን አይለውጡትም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መነሻ ፍጥነቱን ለምሳሌ 22 ሜትር በሰከንድ ብናደርገው፣ ፍጥነትን ከከፍታውና ከሸካራነቱ ርዝመት በሚያሰላው የዩሮኮድ የሎጋሪዝም ቀመር መሠረት በ30 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አማካይ ፍጥነት ከሐይቁ በኩል 29.9፣ ከከተማው በኩል 21.8 ይሆናል። ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ የአማካይ ግፊቱ ልዩነት ወደ 1.9 እጥፍ ይደርሳል። ሆኖም ሸካራ መሬት ነፋሱን ቢያዘገየውም ስለሚያናውጠው፣ የሽውታውን ጫፍ ጨምረን ስናሰላ ልዩነቱ ወደ 1.4 እጥፍ ይወርዳል። ብዙ ጀማሪዎች አማካዩን ብቻ አወዳድረው ስለሚያቆሙ ይህን እርምጃ አይዝለሉት።

የአንድ ሰባተኛው ቀመር ለገላጣ ሜዳ ሻካራ ግምት ከመሆን አያልፍም። ከ10 ወደ 30 ሜትር ሲወጡ ፍጥነቱን በ1.17 ያባዛል፤ ሎጋሪዝሙ ግን ለሜዳ 1.21፣ ለከተማ 1.31 ይሰጣል። ከሁሉ የሚከፋው መሬቱን ሳይቀይሩ ከፍታውን ብቻ መቀየር ነው፤ በዚህ መንገድ ሄደው 22ን በ1.17 ብቻ ቢያባዙ 25.7 ያገኛሉ፣ ይህም ከሐይቁ በኩል ካለው ፍጥነት በ4 ሜትር በሰከንድ ያህል ያነሰ ነው።

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት ዩሮኮድ ከሚመክረው 1.25 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቅናሹን ስታንዳርዱ ሲፈቅድ ብቻ ይውሰዱት፤ ለተሳሳተ የመሬት ምድብ ማካካሻ ግን አያድርጉት። ወደፊት ደጀን ላይ፣ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ የሚሠሩ ከሆነ ከሸካራነቱ በተጨማሪ ገደሉ ራሱ ነፋሱን ስለሚያፈጥነው የመልክዓ ምድር ማባዣ ይጨመራል። ለአሁኑ ማማ ዙሪያውን በ30 ዲግሪ እየከፈሉ ለየአቅጣጫው ምድቡን ይለዩ፣ ምሰሶዎቹንና መሠረቱንም ከሁሉ በሚበልጠው ግፊት ያስሉ።