ቫይታሚን ሲያንስም፣ ሲበዛም

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ «የትኛው ቫይታሚን ጥሩ ነው?» ብላችሁ ነው። ለፀጉር፣ ለቆዳ፣ ለጂም፣ ለድካም። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በምግብ ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ወደ አፌ የሚመጣው ሌላ ጥያቄ ነው። ስንት? በአንዷ እንክብል ውስጥ ስንት አለ፣ ማን ለካው፣ እናንተስ ከሌላ ቦታ በቀን ስንት እያገኛችሁ ነው? ይህ ጥያቄ ልማድ እንዲሆናችሁ ፈልጌ ነው የምጽፍላችሁ። ከእናንተ መካከል ፋርማሲ፣ ምግብ ኬሚስትሪ፣ ሥነ ምግብ የምትማሩ አላችሁ። ነገ ገደቡን የምታወጡትም የምትቆጣጠሩትም እናንተ ናችሁ።

ከአገራችን ልጀምር። ደጋ ላይ ያደገ ሰው እንቅርት ያለባት እናት ሳያይ አላደገም። ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ እህሉም፣ ከብቱም፣ ሰውም ሳያገኘው ይቀራል። እንቅርቱ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይብሳል። አዮዲን በጣም ያነሳት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል፣ ያ ደግሞ በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወንጂን በመሳሰሉ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ሲብስ አጥንት ድረስ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በልኩ ሲሆን ጥርስን ስለሚጠብቅ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የምንጨምረው ያው ፍሎራይድ ነው፤ ሲበዛ ያንኑ ጥርስ ያበላሻል። በአንድ አገር፣ የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ውስጥ፣ አንዱ ማዕድን አንሶ ሌላው በዝቶ ሰው ሲጎዳ እያየን ነው የኖርነው።

አዮዲን የጨመርነው ጨው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጨው ሀብታምም ድሃም ይበላዋል። ስዊዘርላንድ በ1922 እ.ኤ.አ. ጀመረች፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት በ1924 ተከተለች። እኛ ጋ በ1998 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከቀይ ባሕር ይመጣ የነበረው ጨው ቀረ፣ የአፋሩ አፍዴራ ዋና ምንጫችን ሆነ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አዮዲን ያለው ጨው በፍጥነት በየቤቱ ገባ፣ ይህ ትልቅ ድል ነው። ግን «አዮዲን አለው» እና «በቂ አዮዲን አለው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዮዲኑ እርጥብ ጨው ላይ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ሲረጭ አንዱ ጆንያ ብዙ ይደርሰዋል፣ ሌላው ጥቂት። ከዚያ ጨው ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው፣ እርጥበት ሲገባው፣ ያለውም እየቀነሰ ይሄዳል። ገበያ ላይ ይዘን የምንወጣው የጠብታ መመርመሪያ ጨዉ ላይ ሲንጠባጠብ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ይሆናል። ያ ቀለም አዮዲን መኖሩን ይነግራችኋል፤ በኪሎ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ አይነግራችሁም። ያንን ለማወቅ ቁጭ ብሎ ታይትሬሽን መሥራት፣ ማለትም ጥንካሬው የታወቀ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ መለካት፣ ያስፈልጋል፣ አሰልቺ ነው፣ እና ሥራው እሱ ነው።

ቁጥሩ ራሱም ከሰማይ አልወረደም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰዉ በቀን 5 ግራም ጨው የሚበላ ከሆነ በኪሎ ጨው 39 ሚሊግራም አዮዲን ይግባ ይላል፤ 10 ግራም የሚበላ ከሆነ ግን 20 ይበቃል። ይህን ልብ በሉት። የሰዉ አመጋገብ ከተለወጠ ቁጥሩም መለወጥ አለበት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዚምባብዌ ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው ከገባ በኋላ የታይሮይድ ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራ ሕሙማን በዝተው ታይተዋል። ጨዉ ይቅር ያለ የለም። ይለካ ነው የተባለው።

አሁን ወደ ሀብታሞቹ አገሮች ልውሰዳችሁ፤ እዚያ መሣሪያው አለ፣ ሕጉ አለ፣ ግን ምን እንደሆነ እዩ። አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አካባቢ ወተት በየቤቱ የሚያደርስ አንድ የወተት ድርጅት ነበር። ወተት ላይ ቫይታሚን ዲ ይጨመራል፣ በአንድ ኳርት፣ ሊትር ትንሽ ሲጎድል ማለት ነው፣ 400 አይዩ (አይዩ ቫይታሚን የሚለካበት ዓለም አቀፍ አሃድ ነው)። በ1992 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች የ8 ታማሚዎችን ታሪክ ጻፉ፤ ሁሉም በቫይታሚን ዲ ተመርዘው፣ የአብዛኞቹ ደም ውስጥም ካልሲየም ከልክ በላይ ወጥቶ ተገኘ፤ ምክንያቱ ያው ወተት ነው። የድርጅቱ ወተት ሲመረመር በኳርት እስከ 232,565 አይዩ ተገኘበት። በዚያው ምርመራ ምንም ቫይታሚን ዲ ያልተገኘበት ወተትም ነበር! እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። አንዱን ቤት የመረዘ፣ ሌላውን ቤት ባዶ እጁን የሰደደ አንድ ፋብሪካ ነው። 400 አይዩ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? 10 ማይክሮግራም ነው፤ ከአንዲት የገበታ ጨው ቅንጣት ያነሰ። እሷን በሊትር ወተት ውስጥ እኩል ማዳረስ ነው እንግዲህ የፋብሪካው ኃላፊነት፣ እና በየጊዜው ናሙና ወስዶ ካልለካ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው አሜሪካ አንድ ፈሳሽ የቫይታሚንና የማዕድን ማሟያ ገበያ ላይ ወጣ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን 200 ማይክሮግራም ነው፤ ሲለካ 40,800 ሆነ። በ10 ግዛቶች 201 ሰዎች ታመሙ። ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተበላሸ፣ ጡንቻና መገጣጠሚያቸውን አመማቸው። ጤና ፍለጋ ነበር የገዙት።

እንዴት ገበያ ላይ ወጣ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ማሟያ እንደ መድኃኒት አስቀድሞ ፈቃድ አይጠይቅም። ለደኅንነቱ መጀመሪያ ኃላፊው አምራቹ ነው፣ ተቆጣጣሪው የሚመጣው በአብዛኛው ችግር ከታየ በኋላ ነው። ሌላም አለ። በዚያ አገር ደንብ የተጨመረ ቫይታሚን እስከ መጠቀሚያ ቀኑ መጨረሻ ድረስ ቢያንስ መለያው ላይ የተጻፈውን ያህል መሆን አለበት። ቫይታሚን ሲቀመጥ ስለሚቀንስ አምራቹ ከተጻፈው በላይ ጨምሮ ያሽገዋል፤ «ምክንያታዊ» የሆነ ትርፍም ይፈቀዳል። ስለዚህ ወለሉ በቁጥር ተቀምጧል፣ ጣራው ግን በቃል ነው። አውሮፓ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለማሟያዎች የጋራ ጣራ ይወሰናል ብሎ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ አለፈ፣ አገሮቹ እስካሁን በየራሳቸው ቁጥር ነው የሚሄዱት።

ጣራ ማውጣት ከባድ የሚሆነው ስሌቱ ብዙ ምንጭ ስላለው ነው። ሰው ሳይጎዳ በቀን የሚችለው ከፍተኛ መጠን ይወሰዳል፣ ከዚያ ላይ ከምግቡ የሚያገኘው ይቀነሳል፣ ከበለጸገ ምግብ፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ ቫይታሚን ወይም ማዕድን ከተጨመረበት፣ የሚያገኘው ይቀነሳል፣ የተረፈው ነው ለእንክብል የሚቀረው። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ ጠዋት የበለጸገ ሲሪያል በበለጸገ ወተት ይበላል፣ መልቲቫይታሚን ይውጣል፣ ጂም ሲገባ ሌላ ዱቄት ይበጠብጣል። እያንዳንዱ ለብቻው በገደቡ ውስጥ ነው። ድምሩን የሚደምርለት ግን የለም።

ስለዚህ እናንተ ደምሩ። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ጠርሙስ ላይ ቫይታሚን ዲ 5,000 ወይም 10,000 አይዩ ሲል አይታችኋል። የአሜሪካና የአውሮፓ ባለሙያዎች ለአዋቂ የቀን ጣራ ብለው ያስቀመጡት 4,000 ነው፤ ከዚያ በላይ ሐኪም ሲያዝና ደም ሲመረመር ነው። 50,000ዋ ደግሞ በሳምንት አንዴ ተብላ የምትታዘዝ ናት፣ በየቀኑ የሚውጧት ሰዎች አጋጥመውኛል። ቫይታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልታረግዝ ያሰበች ሴት ሬቲኖል በሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት በቀን ከ10,000 አይዩ እንዳታልፍ፣ ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል። ቢ6 ጉልበት ይሰጣል እየተባለ በየዱቄቱና በየመጠጡ ይጨመራል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ የእጅና የእግር ነርቭ ያደነዝዛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. የቀን ገደቡን ከ25 ወደ 12 ሚሊግራም አወረደው። የአሜሪካው ገደብ 100 ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ስታዩ ዝቅተኛውን ያዙ፣ የምትከስሩት ነገር የለም።

ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ስለሆነው ባዮቲን ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም ሴት ልጆቼ ለፀጉር ብላችሁ በጣም እየወሰዳችሁት ነው። ሰውነት በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ነው፣ ጠርሙሱ ላይ 10,000 ይላል። መርዝነቱ ያን ያህል አይታወቅም፤ አደጋው ላብራቶሪ ላይ ነው። ብዙ ባዮቲን ያለበት ደም የታይሮይድ ምርመራን ያሳስታል፣ የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) መለያ የሆነውን ትሮፖኒንንም ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አስጠንቅቋል፣ ሰው እንደሞተበትም ሪፖርት ደርሶታል። ለምርመራ ደም ልትሰጡ ስትሄዱ የምትወስዱትን ለባለሙያው ንገሩ።

እንዲህ ስላችሁ ቫይታሚን ሁሉ ፈርታችሁ እንዳትጥሉ። ፎሊክ አሲድ ሕይወት ያተርፋል። የጽንሱ ሕብረ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት መጸነሷን ገና ሳታውቅ። ሳይዘጋ ሲቀር ልጁ ሽባ ሆኖ ወይም በሕይወት የማይቆይ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፣ በአገራችን ይህ ችግር ከፍተኛ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለአብዛኛዋ ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ይመከራል። እዚህም ጣራ አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ1,000 በላይ አይወሰድም፣ ምክንያቱም የቢ12 እጥረት ያመጣውን የደም ማነስ አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ይሸፍናል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ብዙ ወር የምንጾም ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት መበልጸግ ግዴታ እንዲሆን ደረጃ አውጥቷል፣ ዱቄቱ ብረት፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና የቢ ቫይታሚኖች፣ ዘይቱ ኤ እና ዲ። ደስ ብሎኛል። ግን የገጠሯ እናት እንጀራ የምትጋግረው ሰፈር ወፍጮ ከተፈጨ ጤፍ ነው፣ የፋብሪካ ዱቄት አይደርሳትም። ፎሊክ አሲድን ከአዮዲኑ ጋር ጨው ላይ ለመጨመር የሚደረገውን ጥናት በጉጉት የምከታተለው ለዚህ ነው። ዘይቱም ቢሆን በነጭ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ከተደረደረ ቫይታሚን ኤው ብርሃን አይችልም፣ ሸማቹ የከፈለበትን ሳያገኝ ይቀራል።

እና ፋብሪካና ላብራቶሪ የምትገቡት፣ ለአንድ ቶን ዱቄት የሚገባው የቫይታሚን ድብልቅ ጥቂት መቶ ግራም ብቻ ነው። መጨመሪያው መሣሪያ ሲደፈን ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ይቀጥላል፣ ማንም በዓይኑ አያይም። ስለዚህ ከፈረቃው መጀመሪያም፣ ከመሃልም፣ ከመጨረሻም ናሙና ውሰዱ። ባልለካችሁት ቁጥር ላይ አትፈርሙ፣ አለቃ ቢቸኩልም፣ መኪና በር ላይ ቢቆምም። ውጤቱ ሲያንስ ብቻ ሳይሆን ሲበዛም መዝግቡና አሳውቁ፤ «ከሚያንስ ይብዛ» የሚላችሁ ሰው ከመጣ የቦስተኑን ወተት ንገሩት። ውጭ ያላችሁት ደግሞ ለእናትና ለአባት ጠርሙስ ከመላካችሁ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቁ። ለታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ካልሲየምና ብረት ቢያንስ በአራት ሰዓት ልዩነት ይወሰዱ፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ቫይታሚን ኬ ያለበትን ሐኪማቸው ሳያውቅ አትላኩ። ብረት ያለበትን ጠርሙስ የልጅ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት ዘንድ በስልክ ንገሯቸው፣ ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት ከበላው ሊሞት ይችላል።