የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ባሕር በሌለን አገር የባሕር ዳርቻ ቀን የት ይከበራል?

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚማሩ ተማሪዎች በየዓመቱ የዳርቻ ጽዳት፣ የወፍ ቆጠራ፣ የአጭር ጊዜ ሥልጠናና የምርምር ድጋፍ እንደሚያገኙ አነባለሁ። እኛ ግን ባሕር የለንም፤ ያለን ጣና ነው፤ እርሱም ከግቢያችን በጣም የራቀ ሆኖ ይሰማኛል። እኔና አምስት ጓደኞቼ አንድ ቁም ነገር ለመሥራት ተስማምተናል። ከየት እንጀምር? የትኛውንስ ቀን እንያዝ?

መልስ፦ እኅታችን፣ «ባሕር የለንም» ባልሽው ላይ ጥቂት ልቆይ። ለደምቢያ ገበሬና ለጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ ጣና ባሕር ነው፤ ውኃው በበጋ ሲሸሽ የሚታረሰውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል፤ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ያለችው ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ባሕር ብቻ ሳይሆን የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሥራና የራሱ ችግር ያለው የባሕር ዳር ሕዝብ አለሽ። ጎርጎራ ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ ውኃው ግን ከዚያ ይልቅ ይቀርብሻል። ከተማችን የተቀመጠችው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ነው። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ቀሃና የከተማው የመጠጥ ውኃ ግድብ የተሠራበት አንገረብ ሁለቱም ወደ መገጭ ወንዝ ይገባሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ከጣና ይቀላቀላል። በመኝታ ክፍላችሁ አጠገብ ባለው ቦይ የወደቀ የውኃ ፕላስቲክ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ጉዞውን ይጀምራል ማለት ነው።

መገጭን ደጋግሜ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታየውም በዚሁ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ሙቀትና ምግብ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ምግቡም ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ከላይ የሚወርደው ደለልና ቆሻሻ ቶሎ ይጫነዋል።

አሁን ስለ ቀኖቹ። ዓለም አቀፉ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ቀን የሚውለው በፈረንጆቹ መስከረም ሦስተኛ ቅዳሜ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 4 እስከ 11 ባለው ጊዜ ይውላል። በዚያን ጊዜ መገጭ ሞልቷል፣ የሐይቁ ውኃ ወደ ከፍታው እየተጠጋ ነው፣ ዳሩ ጭቃ ነው፤ ብዙ ተማሪም ገና ከቤተሰቡ ጋር ነው። ቀኑን ማክበር ከፈለጋችሁ በጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በቀሃ ዳር አክብሩት፤ ክረምቱ ያጠራቀመውን ቆሻሻ ወደ ሐይቁ ሳይደርስ የምታገኙት እዚያ ነው። ጥቅምት 24 ዓለም አቀፉ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች፣ ማለትም ተፈጥሮ እየተጠበቀ ሰውም አብሮ እየሠራ የሚኖርባቸው ቦታዎች ቀን ነው። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ስለተመዘገበ ይህ ቀን በቀጥታ የእናንተ ነው፤ እምቦጭም ክረምቱን ተከትሎ በርትቶ የሚታይበት ወቅት በመሆኑ በግቢያችሁ ውይይት ለማዘጋጀት የሚሻለው ጊዜ ይኸው ይመስለኛል።

አንድ ቀን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ግን ያለ ማመንታት ጥር 25ን እመርጣለሁ። የዓለም የእርጥበታማ መሬቶች (እንደ ረግረግና ሐይቅ ዳር ያሉ ውኃ የሚተኛባቸው ቦታዎች) ቀን የሚከበረው በዚህ ዕለት ነው፤ የእርጥበታማ መሬቶች ስምምነት በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው በ1963 ዓ.ም. በዚሁ ቀን ነበርና። ከቀኑ ይልቅ ወቅቱ ይበልጥብኛል። ጥር ሲገባ መንገዱ ይደርቃል፣ ሐይቁ እየሸሸ ይሄዳል፣ ከሩቅ ሰሜን የመጡት ስደተኛ ወፎችም በዳሩና በሜዳው ላይ ይገኛሉ፤ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የመጡ ግራጫ ሽመላ መሳይ ወፎችና ዘውድ ያላቸው ጥቁር የአገራችን ወፎች በአንድ ሜዳ ሲለቅሙ ማየት ይቻላል። በብዙ አገሮች የውኃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደውም በዚሁ ወር ነው። በአገራችን በፈረንጆቹ 1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በወፎች ጥበቃ ረጅም ልምድ ያለው በመሆኑ፣ ቆጠራ መማር ለሚፈልግ ተማሪ ሊያንኳኳው የሚገባ በር ነው። ከዚህ ሌላ መጋቢት 13 የውኃ ቀን፣ ግንቦት 14 የብዝኃ ሕይወት ቀን፣ ግንቦት 28 የአካባቢ ቀን አሉ።

ስለ ጽዳት ዘመቻ ግን ከራሴ ያየሁትን ልናገር። ተማሪ ሳለሁ አንድ ተቋም ባዘጋጀው ዘመቻ በአውቶቡስ ተጭነን ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ነበር። ግማሽ ቀን አረም ነቀልን፤ ክምሩን ከውኃው ጫፍ ጥቂት እርምጃ ላይ ትተን፣ የጠጣንበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ እንኳ በሙሉ ሳንሰበስብ ተመለስን። በኋላ ስማር እንደተረዳሁት የተቆራረጠው ግንድ ውኃ ሲያገኝ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ዘሩ ደግሞ በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ቆይቶ ውኃው ሲሸሽ በጭቃው ላይ ይበቅላል። የዚያን ዕለት ድካማችን እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ወደዚያ ቦታ ተመልሶ ምን እንደሆነ አላየም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስድስታችሁን የምመክራችሁ አንድ ቦታ መርጣችሁ ወደዚያ ቦታ ደጋግማችሁ እንድትመለሱ ነው። ለምሳሌ በቀሃ ላይ ከከተማው በላይ አንድ፣ ከከተማው በታች አንድ ነጥብ ያዙ፤ መንገዱ ሰላም በሆነበትና የአካባቢው ሰው ኑ ባለ ጊዜ ደግሞ ሦስተኛውን ነጥብ በመገጭ መግቢያ ላይ ጨምሩ። በየወሩ በአንድ ዓይነት ሰዓት ከአንድ ቦታ ፎቶ አንሡ፤ በሃያ እርምጃ ዳር ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ በዓይነቱ ለይታችሁ ቁጠሩ። ውኃው ምን ያህል እንደጠራ በዓይን ለመለካት የሴኪ ሳህን የሚባለውን መሥራት ትችላላችሁ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳህን ሆኖ አራት ቦታ ተከፍሎ ተራ በተራ ጥቁርና ነጭ የሚቀባ፣ ከሥሩ ክብደት የሚታሰርለትና ምልክት ባለው ገመድ ወደ ውኃ የሚወርድ መሣሪያ ነው። ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። ከጀልባ ላይ ለሐይቁ የተሠራ በመሆኑ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ላይ ብዙ አይረዳም፤ በጎርጎራ ወደብ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ደለሉ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሰክን በግልጽ ያሳያችኋል። ወጪው ከአንድ የምሳ ግብዣ አይበልጥም።

የዓሣ አጥማጆቹን ዕውቀትም አትለፉት። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ብለው የሚለዩት፣ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ የሐይቁን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች ናቸው። ነጭ አሳ የሚሉት ወገን በሌላ ሐይቅ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎችን ይዟል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። መረብ የወንዙን አፍ የሚዘጋው በዚያው ሰሞን ነውና፣ ዓሣው መቼ እንደሚወጣ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ምን ያህል ይያዝ እንደነበር አዛውንቶቹን ጠይቃችሁ ብትመዘግቡ ለማንኛውም ተመራማሪ የሚጠቅም ሰነድ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ ያዙ፤ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌው አሳዩ። ይህ አካሄድ ለዩኒቨርሲቲያችሁ እንግዳ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ገጠር ወርደው ከሕዝቡ ጋር እየሠሩ እንዲማሩ የተቋቋመ ቤት ነውና።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን በጣና ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ሆኖም ወደ ሐይቁ ለመመላለስ ገንዘቡም የመንገዱም ሁኔታ አይፈቅድልኝም። ወደፊትም በዚሁ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተስፋ አለኝ። ምን ዕድል አለ? (የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ማራኪ ግቢ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከክፍልህ ሳትወጣ ልትሠራው የምትችለው ሥራ አለ። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስሎች በ10 ሜትር ጥራት (አንዱ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ያሳያል) በየአምስት ቀኑ ገደማ በነፃ ይለቀቃሉ፤ የአሜሪካው ላንድሳት ደግሞ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን መረጃ በነፃ ይሰጣል። በውኃ ላይ የተንጣለለ አረንጓዴ ተክል ዓይን በማያየው ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በደማቁ ስለሚታይ የእምቦጩን ስፋት ከዓመት ዓመት ማነጻጸር ይቻላል። ሁለት ጥንቃቄ አድርግ፦ በክረምት ደመናው ምስሉን ይሸፍነዋል፤ በዳሩ የሚበቅለው ደንገልና ሩዝም ከሳተላይት ሲታይ ከእምቦጩ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በቦታው ያለ ሰው የሚያነሣልህ ጥቂት ፎቶ ያስፈልግሃል፤ የደምቢያ ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛ ካለህ ለዕረፍት ሲሄድ አደራ በለው።

ስለ ገንዘብ፣ ዩኔስኮ ሰውና ባዮስፌር በተባለው መርሐ ግብሩ ከ35 ዓመት ላልበለጡ ወጣት ተመራማሪዎች እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ሽልማት ይሰጣል። በባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ላይ ለሚሠራ ጥናት የተዘጋጀ በመሆኑ ጣና ላይ መሥራትህ ራሱ ይረዳሃል። ማመልከቻው በአገር ውስጥ ባለው የመርሐ ግብሩ ኮሚቴ በኩል ስለሚያልፍ ከመምህርህ ጋር አስቀድመህ ተዘጋጅ። ለሁለተኛ ዲግሪ በቅርብ የሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚያው ከተማ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ስላለ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ትችላለህ። ከአገር ውጭ የቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ውቅያኖሶችና ሐይቆች በጋራ የሚሰጡት የማስተርስ ትምህርት ሐይቅን ከባሕር እኩል ስለሚይዝ ከባሕር ርቆ ላደገ ተማሪም የሚስማማ ነው፤ ቭሊር የተባለው የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ድርጅት በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ተማሪዎች የሚሰጠውን ድጋፍም ተከታተል። የምትልከው ደብዳቤ «ተፈጥሮን እወዳለሁ» ከሚል ይልቅ «በዚህ ወንዝ ላይ ለስምንት ወር ይህን ለካሁ» የሚል ቢሆን መራጮቹ ረጋ ብለው ያነቡታል።

ጥያቄ፦ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር እምቦጭ ሊነቅል ወደ ደምቢያ ይሄዳል፤ ሥራው መልካም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በውኃው ውስጥ በሽታ አለ ሲሉ ሰምቼ እሠጋለሁ። ልከልክለው ወይ? (አንዲት እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። አይከልክሉት፤ ተዘጋጅቶ እንዲሄድ ግን ያስገድዱት። በጣና ዳርና በደምቢያ ወንዞች ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ትል በውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አድጎ ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ሰው ባዶ እግሩን ሲገባ ቆዳውን በስቶ ይገባል። በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚነካውን ሥራ በማለዳ ይጨርሱት። እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማና የጎማ ጓንት ያስፈልገዋል፤ ውኃው ከቦቱ በላይ ወደሆነበት አይግባ፤ ከዳር ሆኖ በመንሽ መጎተት ይችላል። የሐይቁን ውኃ ሳያፈላ አይጠጣ፤ ፊቱንም አይታጠብበት። የወባ ሥጋትም ስላለ የሚያድር ከሆነ አጎበር ይያዝ።

ውኃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ግን ምንም ባይሰማውም ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ያስመርምር፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ከተመረመረ የትሉ እንቁላል ላይታይ ይችላል። ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየ ግን ያን ቀን ሳይጠብቅ ይሂድ፤ ለሐኪሙም ጣና ገብቼ ነበር ብሎ ይንገረው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጠዋል። ከጓደኞቹ አንዱ ቢታመም ሌሎቹም አብረው እንዲመረመሩ ይንገሩልኝ፤ የገቡት በአንድ ውኃ ነውና።