ከሳንባ ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ ሳንባ እንዳይታፈን፦ ከጅማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ አባባ 67 ዓመታቸው ነው፣ ሲጋራ ያጨሳሉ። ቀዶ ጥገናው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። «አሁን ካቆሙ አክታ ይበዛል» እየተባልን ነው።

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙ። ከ4 ሳምንት በላይ ካቆሙ ሳንባቸው አክታን የመጥረግ አቅሙ ይሻሻላል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ሲጋራውን የሚጎትተው እሱ ነውና ሁለቱንም ይተዉ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ሌላ ክፍል ይሁኑ። በአፍ የሚሳብ የሳንባ መድኃኒት ካላቸው አያቋርጡ። በየቀኑም ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ የጅሬንን ዳገት ገና ባይደፍሩትም፣ ትንፋሽ እያጠራቸውም ማውራት እስከቻሉ ድረስ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሲያስሉ ስፌቱ አይፈታም?

መልስ፦ አይፈታም። የሚጎዳው አለማሳሉ ነው፤ አክታው ትንንሾቹን የአየር ቱቦዎች ይደፍናል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሳንባ ይኮማተራል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል። ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ትራስ ቁስሉ ላይ ጠበቅ አድርገው ይያዙ። 3 ጊዜ በቀስታ በረጅሙ አየር ስበው 3 ሰከንድ ያቆዩ፤ ከዚያ አፍ ከፍተው መስታወት እንደሚያደበዝዙ «ሃህ» ብለው አየሩን ይግፉ፣ በመጨረሻ ያስሉ። ሕመሙ ከከለከላቸው «ይቻሉት» አትበሏቸው፣ ለነርሷ ንገሩ። ማስታገሻው በቂ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። «ይረፉ» እያሉ አስተኝቶ ማዋልም እንዲሁ፤ ሐኪም ካልከለከለ በማግስቱ ከአልጋ ይነሱ።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ የሚያለማምደው ባለ 3 ኳሱ መሣሪያስ?

መልስ፦ ይሳባል እንጂ አይነፋም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ፣ በቀስታ። ኳሱን ማስዘለል ግቡ አይደለም። መራመድን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ ከደረት የወጣው ቱቦ ጠርሙስ?

መልስ፦ ሁልጊዜ ከደረት በታች፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሲያስሉ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ አረፋ ቢያወጣ ከሳንባው አየር እየወጣ ነው፤ ቱቦውን ቆንጥጣችሁ አትዝጉ፣ የታመቀው አየር ሳንባውን ይጨፈልቃል። ውሃው ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ማለቱን ቢያቆም መጀመሪያ ቱቦው መታጠፉን እዩ።

ጥያቄ፦ ቤት ከገቡ በኋላ?

መልስ፦ ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ አክታው ከተለወጠ ወይም ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች በጣት የሚለካው ኦክስጅን ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ከነበረው ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። አንዱ ሳንባ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው በድንገት ብዙ ቀጭን፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካሳለ ግን ቀዶ ጥገና በተደረገለት ጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያውኑ ውሰዱት፤ ፈሳሹ ወደ ደህናው ሳንባ እንዳይወርድ።