የቪታሚኑ ብልቃጥ

የኤች አይ ቪ መድኃኒት መዋጥ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ ቀድመው ከተሰለፉት አንዷ ነበርኩ። ያኔ ጠዋትም ማታም ነው የሚዋጠው፣ በ12 ሰዓት ልዩነት። ስታቩዲን የሚባለው ፊት ያከሳል፣ እግር ያቃጥላል። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን አልዘለልኩም። በፈረንጆቹ 2010 አሜሪካ ቫይረሱ ያለበት አይግባ የሚለውን ክልከላ አነሳች፤ እኔም ከዚያ በኋላ መጣሁ። መዝለል የጀመርኩት እዚህ ነው። በቀን አንዲት ኪኒን ብቻ እየዋጥኩ!

ረስቼ አይደለም። ተደብቄ ነው።

ዋሺንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አፓርትመንት ተጋርቼ እኖር ነበር። መድኃኒቴን ከነስሙ ማስቀመጥ ስለፈራሁ የቪታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩት። እንዳይንኳኳ ጥጥ ጨመርኩበት። አንድ ቅዳሜ አንደኛዋ ልጅ ብልቃጡን አንስታ፣ "እቱ፣ ይሄ ቪታሚን ፊትሽን አሳምሮታል፤ እስቲ አንድ ስጪኝ" አለችኝ። ክዳኑን ከፍታዋለች። በቀልድ አስመስዬ ነጠቅኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቴ መኪናዬ ውስጥ ገባ። የበጋው ሙቀት ያነደዋል። መኪናው ጋራዥ ሲገባ እሱም አብሮ ይገባል። ቤት ውስጥ ሰው ካለ "ነገ እውጠዋለሁ" እላለሁ። በቀጣዩ ምርመራ ለዓመታት ያልታየው ቫይረስ ደሜ ውስጥ ብቅ አለ። ሐኪሟ ስልኬ ላይ አላርም እንድሞላ መከረችኝ። አላርሙማ ነበረኝ። ሲጮህ "የምን ሰዓት ነው?" እንዳይሉኝ አጠፋው ነበር እንጂ።

ስለዚህ የኔ ምክር ከአላርም አይጀምርም። የሚያውቅላችሁ አንድ ሰው ይኑር። እኔ ያቺን ቪታሚን የጠየቀችኝን ልጅ ነው የነገርኳት፤ ሦስት ሳምንት አምጬ። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ፣ "ልውጠው ነበር እኮ!" ብላ ሳቀች። በማግስቱ ብልቃጡ ከነስሙ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። ሁሉም እንደሷ ነው አልልም። ሌላ የነገርኳት ጓደኛ ስልኬን ማንሳት ካቆመች ቆየች። ምረጡ።

ለትዳር ጓደኛ ስትነግሩ አንድ ነገር ያዙ፤ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠንም በሚሊሊትር ከ200 ቅጂ በታች ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህን ሐኪሙ ራሱ ቢነግራቸው ይሻላል፤ ከኛ አፍ ሲሰሙት ማባበያ ይመስላቸዋል።

አስተርጓሚም ሌላ ጣጣ ነው። ስንቱ ቀጠሮውን የሚያስቀረው "አስተርጓሚዋ የሰፈራችን ሰው ብትሆንስ" ብሎ ነው። በስልክ የሚያስተረጉም ጠይቁ፣ ስሜ አይጠራ በሉ። ከኢንሹራንስ የሚመጣ ደብዳቤም ቤት ውስጥ ጉድ ያፈላል። ደውላችሁ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲልኩት ንገሯቸው።

ስለ ጠበል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን ጠበል ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት ያቆመ ሰው ቀብሬአለሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ጾምም ሰበብ አይሆንም። ዶሉቴግራቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለበት ኪኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ምግብ የግድ የሚላቸው ሌሎች ስላሉ የናንተን ጠይቁ።

የሚያስቀው ደግሞ ዶሉቴግራቪርን የሚያበላሸው እውነተኛው ቪታሚን ነው። ካልሲየምና አይረን ከሱ ጋር በባዶ ሆድ ከተዋጡ፣ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ደግሞ ከምግብ ጋርም ቢሆን አብሮ ከተዋጠ፣ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም። መድኃኒቱን ከነሱ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታችሁ ውሰዱ። ነፍሰ ጡሮች አይረን ስለሚታዘዝላችሁ ይህን ልብ በሉ።

እኔ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሽፍቴ ይቀያየራል። ስለዚህ ብልቃጡን ከጥርስ ብሩሼ ጋር አደረግኩት። ከዘለላችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ ዋጡ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት አትደርቡ።

ሥራ ሲለቀቅ ኢንሹራንስ ይቋረጣል፣ ሰውም አፍሮ ዝም ይላል። አሜሪካ ውስጥ ራያን ኋይት የሚባለው ፕሮግራም ለዚሁ የቆመ ነው። ክሊኒካችሁ ያለውን ኬዝ ማናጀር፣ ማለትም ጉዳያችሁን የሚከታተለውን ሠራተኛ፣ ኪኒኑ ሳያልቅ አናግሩ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ከ2012 ወዲህ ወረቀት ኖራችሁም አልኖራችሁ ሕክምናው በነፃ ነው።

የሚያሳዝነኝ አረብ አገር ያሉት ናቸው። ለመኖሪያ ፈቃድ ደም ይመረመራል፣ ቫይረሱ ከተገኘ መባረር ነው። እንዲህ ሆናችሁ የተመለሳችሁ ቤት አትዘጉ። በዚያው ሳምንት አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ መድኃኒቱ አሁንም በነፃ ነው።

ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ሰዓቱ ያምታታል። ዋሺንግተን ላይ ማታ 3 ሰዓት የምትውጡት አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። በየትኛው ሰዓት እንደምትቀጥሉ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ተጨማሪውንም ኪኒን ከወር በፊት አዛችሁ ያዙ። በእጅ ሻንጣ ይሁን ታዲያ። የኔ ትልቁ ሻንጣ ባለፈው ጊዜ ቦሌ የደረሰው በ4ኛው ቀን ነው።