በተጎታች ላይ የሚጫን የስጋ ማጨሻ መሥራት የምትፈልጉ፣ ጠይቁኝ

ከዳላስ ወጣ ብሎ ባለው ጓሮዬ ከአሮጌ የፕሮፔን ታንክ በተጎታች ላይ የሚጫኑ ማጨሻዎች እሠራለሁ። ብየዳ የተማርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ ፍርምባ ማጨስ የተማርኩት ግን እዚሁ ቴክሳስ ነው። ዛሬ እጄ ነጻ ነውና ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ ያገለገለ የጋዝ ታንክ ውኃ ሳይሞላ መቁረጫ አይነካውም።

ጥያቄ (ከሂውስተን)፦ ጋሼ፣ ባለ 250 ጋሎን ታንክ አግኝቻለሁ። ባዶ ነው፣ ሽታም የለውም። በቀጥታ መቁረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። ሽታው ለጋዙ ተብሎ የተጨመረ ነገር ነው፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ በግድግዳው ላይ የተጣበቀው ቅባትም ሲሞቅ ተን ያወጣል። ቀሪ ጋዝ ካለው ቫልቩን ራስህ አትፍታ፣ የጋዝ ነጋዴ ያውጣልህ። ከዚያ በሳሙና እጠበው፣ እስከ አፉ ውኃ ሙላው፣ ድፋው፣ እንደገና ሙላው። ታንኩ የማን እንደሆነም አጣራ፤ ብዙዎቹ የጋዝ ድርጅቶች የሚያከራዩአቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ በጠቅላላው ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ምን ያህል ትልቅ? ታንኩ አለህ? ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ፣ አክስሉስ? ብየዳውን ራስህ ነህ የምትሠራው? ይህን ሳትነግረኝ የምሰጥህ ቁጥር አይጠቅምህም።

ጥያቄ (ከኦስቲን)፦ የምድጃውን (ከታንኩ ጫፍ የሚገጠመውን የእሳት ሳጥን) እና የጭስ ማውጫውን ልክ በምን ይወስናሉ? ያየኋቸው ሁሉ ይለያያሉ።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይህ ነው ጥያቄ! ሰው ሁሉ ስለ ብረቱ ውፍረት ይጨነቃል፤ የማጨሻ ነገር ግን የአየር ነገር ነው። በምድጃው በር የገባው አየር እሳቱን አንድዶ፣ በስጋው ላይ አልፎ፣ በጭስ ማውጫው መውጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከታነቀ እሳቱ ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ስጋውም ይመራል። የሚፈለገው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ካላፈጠጡበት የማይታይ ስስ ጭስ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። የሂውስተኑ ጠያቂ ባለ 250 ጋሎን ታንክ ወደ 946 ሊትር ይይዛል። ምድጃው የዚያ ሲሶ ይሁን፤ 315 ሊትር ገደማ፣ ማለትም በየአቅጣጫው 68 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን። ለጭስ ማውጫው የተለመደው ስሌት 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቱቦ ይሰጥሃል። እኔ ባለ 20 ሴንቲ ሜትሩን እገጥማለሁ፤ የሰፋውን በመዝጊያ ታጠበዋለህ፣ የጠበበውን ግን ምን ታደርገዋለህ? ቱቦውን ደግሞ ከታንኩ ጣሪያ ላይ አትትከለው። ሙቀት ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ ስጋውን ሳይነካ ያመልጥሃል። ከምድጃው ተቃራኒ ጫፍ ላይ፣ ስጋው በሚያርፍበት ፍርግርግ ከፍታ ይውጣ። የመጀመሪያዬን ከላይ ተክዬው ነበር። ከላይ ያለው መለኪያ 130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እያሳየኝ ፍርግርጉ ላይ ያለው ስጋ ግን ለብ እንዳለ ይውል ነበር።

አባል (ከዴንቨር)፦ በወፍራም ጭሱ አልስማማም። እናቴ የወተት ዕቃ በወይራ ስታጥን ጭሱ ዓይን ያጠፋ ነበር፣ ወተቱም አይመርም።

አባል (ከአትላንታ)፦ እውነት ነው! ከዚህ የኦክ እንጨት ይልቅ ወይራ ቢገኝ ኖሮ።

አባል (ከዴንቨር)፦ የጠጅ ዕቃም በወይራ ነው የሚታጠነው። የአበሻ እጅ ያልነካው ጭስ ምኑ ጭስ ነው?

መልስ፦ የወተት ዕቃ የሚታጠነው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፍርምባ ግን አሥራ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ጭስ ውስጥ ይውላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኦክ እዚህ በየመንደሩ ይሸጣል፤ ደረቁን ግዙ። የወይራውን ክርክር ለቡና ሰዓት አቆዩት።

ጥያቄ፦ የቆረጥኩት በር ተመልሶ አልገጥም አለ። ልኩን ግን ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።

መልስ፦ ልክህ አይደለም ያሳሳተህ። ታንኩ ተጠቅልሎ የተበየደ ስለሆነ በውስጡ የታመቀ ኃይል አለ፤ ስትቆርጠው ይፈነገጣል። መጀመሪያ የማጠፊያውን ጎን ብቻ ቁረጥ፣ ማጠፊያዎቹን በይድ፣ ከዚያ ሌሎቹን ሦስት ጎኖች ቁረጥ። የመጀመሪያው በሬ አንድ ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭሱ በዚያ እየወጣ ፊቴን ገርፎኛል። ውኃው ግን አይረሳ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለፍርግርጉ በዚንክ የተለበጠ ሽቦ አለኝ፤ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። ሲሞቅም ሲበየድም የዚንክ ጢስ ያወጣል፤ በያጁን ያንቀጠቅጠዋል። ያልተለበጠ ብረት ይሁን። ውስጡንም ቀለም አትቀቢው፤ ዘይት ቀብተሽ እሳት አንድጂበት፣ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ የማኅበራችን ሁለት መቶ ሰው አለ። አንዱ ማጨሻ ይበቃል?

መልስ፦ ስድስት ኪሎ ፍርምባ ሲበስል ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይቀራል። ለሰው 200 ግራም ብትል ወደ አሥራ ሁለት ፍርምባ ያስፈልግሃል። ሁለት ደርብ ፍርግርግ ካለህ ይገባል። እሳቱን ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው የምትለኩሰው፤ ሌሊቱን ማን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድና ማን እሳቱን እንደሚጠብቅ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ተጎታቹ መንገድ ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። ምንድን ነው ችግሩ?

መልስ፦ ምድጃውን ከአክስሉ ኋላ አድርገኸዋል። የ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ሳጥን ብቻውን 130 ኪሎ ገደማ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ ለአንድ ቶን ተጎታች ከ100 እስከ 150 ኪሎ። አክስሉን ወደ ኋላ ግፋው። በቴክሳስ አጠቃላይ ክብደቱ ከ4,500 ፓውንድ ካለፈ ፍሬን ያስፈልገዋል። እሳት አንድደህም አትንዳ።

ጥያቄ፦ ታርጋውስ?

መልስ፦ ያ የካውንቲው ግብር ቢሮ ሥራ ነው። ሂድና ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ታንኬ ሽታ የለውም፤ በቀጥታ ብቆርጠው…

መልስ፦ ወደ ላይ ተመለስና የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ የውኃውን ቱቦ አምጣ።