ባትሪ ለመመራመር ግላቭ ቦክስ እስኪመጣ አትጠብቂ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን ላሳጥረው። ዓምና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቀሻል፣ ውጤትሽም ጥሩ ነው። አባትሽ ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታሉ፤ ከአንቺ በታች ገና የሚማሩ ልጆች አሉ። አሁን እዚሁ ባሕር ዳር ሶላር የሚሸጥና የሚገጥም ድርጅት ሥራ ሰጥቶሻል። ልብሽ ያለው ግን ባትሪ ምርምር ላይ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛሽ ደግሞ «እዚህ አገር ለሊቲየም ባትሪ የሚሆን ላብራቶሪ ከየት ታመጫለሽ? ወይ ውጭ ሂጂ ወይ እርግፍ አድርገሽ ተይው» ብሎሻል። ሥራውን ልያዝ፣ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ስኮላርሺፕ ልጠብቅ? ርዕሴስ ሊቲየም ይሁን ፔሮቭስካይት (የሶላር ሴል መሥሪያ ቁስ)? ነው ያልሽው።

ሥራውን ያዢ። ቤት ተቀምጦ ስኮላርሺፕ መጠበቅን ግን ከአማራጮችሽ ውስጥ አውጪው። ጥበቃው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማንም አይነግርሽም፤ እስከዚያ ድረስ የተማርሽው ይረሳል፣ ቤተሰብም ይቸገራል።

ሥራውን ያዢ ያልኩሽ ለደመወዙ ብቻ አይደለም። ሶላር ድርጅት ማለት ባትሪ የሚሞትበትን ምክንያት በዓይንሽ የምታይበት ቦታ ነው። ደንበኛ «ስድስት ወር እንኳ አልሠራም» ብሎ ባትሪ ይዞ ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ በሌላ ይቀይርና ይሸኘዋል። አንቺ ግን ኬሚስት ነሽ። የአሲድም ሆነ የጄል ባትሪ ሙሉ በሙሉ እያለቀ፣ ሳይሞላም እየከረመ ሲሄድ ሳህኖቹ ላይ የሊድ ሰልፌት ክሪስታል እየጠጠረ እንደሚመጣ ተምረሻል። ለዚህ ነው በየቀኑ ከግማሽ በታች ባይወርድ የሚመከረው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ደግሞ ከዚያ በላይ ቢወርድም ይችላል፤ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል። ሙቀትም አለ። ባትሪው ቆርቆሮ ሥር ከተቀመጠ ዕድሜው ያጥራል። እንግዲህ ደብተር ያዢ። የባትሪው ዓይነት፣ ስንት ጊዜ እንዳገለገለ፣ የት ተቀምጦ እንደነበር፣ ሲመጣ ስንት ቮልት እንዳሳየ፣ ባለቤቱ ማታ ማታ ምን ምን ያበራበት እንደነበር እየጠየቅሽ ጻፊ። አለቃሽን ግን አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ የደንበኛ ስምም አትመዝግቢ። ዓመት ሳይሞላ በሐይቁ ዙሪያ ስላሉ ባትሪዎች ሌላ አመልካች የማያውቀውን ነገር ታውቂያለሽ። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ፍቅር ነበረኝ» ብለው ከሚጀምሩት መካከል አንቺ በዚህ ደብተር ትለያለሽ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። የተለመደው የሊቲየም አዮን ባትሪ ኤሌክትሮላይት (አዮኖች የሚመላለሱበት ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ጨው ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ይበላሻል፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም ይፈጥራል። ስለዚህ ሴሉ የሚገጣጠመው አርጎን ጋዝ በተሞላ ግላቭ ቦክስ፣ ማለትም እጅ በጓንት ገብቶ በሚሠራበት የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በውስጡ ያለው የውሃ ተን ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች መሆን አለበት። ሳጥኑ ውድ ነው። ከገባም በኋላ አርጎኑ ያልቃል፣ ማጣሪያው ያረጃል፣ መብራት ሲቆራረጥም ችግር ነው።

ስህተቱ ያለው ባትሪ ማለት ሊቲየም ብቻ ነው ከሚለው ላይ ነው። በውሃ ላይ የተመሠረተ ኤሌክትሮላይት የሚጠቀሙ መሣሪያዎች ግላቭ ቦክስ አይፈልጉም። ቻርጅ በፍጥነት የሚይዘውና የሚለቀው ሱፐርካፓሲተር አንዱ ነው። የዚንክ አዮን ባትሪ ሌላው ነው። ሁለቱንም ተራ ጠረጴዛ ላይ፣ ተራ አየር ውስጥ መገጣጠም ይቻላል። ዋናው የሚያስፈልግሽ ፖቴንሽዮስታት የሚባለው የቮልቴጅና የከረንት መለኪያና ጋዝ እየፈሰሰበት የሚያሞቅ ፈርነስ (ምድጃ) ነው። የኤክስሬይና የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራውን ናሙና ልኮ ሌላ ቦታ ማሠራት ይቻላል። ፖቴንሽዮስታቱ ግን እጅሽ ሥር መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በእሱ አንድ ጊዜ ለክተሽ አትገላገዪም፣ በየቀኑ ትመለሺበታለሽ።

ስለዚህ ማስተርስ ከመመዝገብሽ በፊት ላብራቶሪውን ሄደሽ እዪ። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ላይ ብቻ አትቅሪ፣ ፖሊ ግቢም ሂጂ፤ ኬሚካል ምህንድስና ያሉትን አነጋግሪ። መምህራኑን «ምን ላይ ትመራመራላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሽ አትመለሺ። ተማሪዎቹን «መሣሪያው ይሠራል? መጨረሻ የተጠቀማችሁበት መቼ ነው? ኬሚካል ስታዝዙ ስንት ወር ይፈጃል?» ብለሽ ጠይቂ። የመመረቂያ ጽሑፍሽ በጊዜው ማለቅ አለማለቁ የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው።

ርዕስ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ።

እምቦጭን ታውቂዋለሽ። ጣና ላይ በጎላ ሁኔታ ከታየ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ፣ ሰው በእጁ እያወጣ ዳር ላይ ይከምረዋል። ይህን ተክል አክስሎ፣ ቀጥሎ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አሙቆ ቀዳዳው የበዛ ካርቦን ማውጣት ይቻላል። ቀዳዳዎቹ እንደ ስፖንጅ ናቸው፤ የአንድ ግራም ካርቦን የውስጥ ስፋት ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሱፐርካፓሲተር ቻርጁን የሚይዘው በዚህ ስፋት ላይ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ተጠንቀቂ፦ ከእምቦጭ ካርቦን ሠርተው ያሳተሙ ሰዎች በቻይናም በሕንድም ሞልተዋል። «እኔም ሠራሁ» ማለት ብቻውን ምርምር አይሆንም። ጥያቄ ያስፈልግሻል። ለምሳሌ ከተለያየ የሐይቁ ዳርቻ የመጣ እምቦጭ በውስጡ ያለው የማዕድን መጠን ይለያያል? ልዩነቱስ ቀዳዳዎቹን ይቀይራል? ይህን ጣና ዳር ያለ ሰው ቢጠይቀው ያምርበታል፤ ናሙናውም በቅርብ አለ።

አንድ ነገር አደራ። በዚህ ዘርፍ ቁጥር ማጋነን በጣም ቀላል ነው። ኤሌክትሮዱ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር አንድ ሚሊግራም የማይሞላ ዱቄት ትቀቢና፣ ቁሱን ብቻውን በሚፈትነው የሦስት ኤሌክትሮድ አለካክ ትለኪና፣ ውጤቱን በግራም ስታካፍይ አስደናቂ ቁጥር ይወጣል። ገበያ ላይ ያለው ሱፐርካፓሲተር በካሬ ሴንቲሜትር የሚይዘው ግን 10 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ወፍራም ሲሆን ያ አስደናቂ ቁጥር ይወርዳል። አንቺ ሁለት ኤሌክትሮድ ያለው ሙሉ ሴል ገጣጥመሽ፣ ወፍራሙንም ለክተሽ፣ የወረደውንም ቁጥር ጻፊው። ትንሽ ቁጥር ያለው እውነተኛ ጽሑፍ ከሚያውቅ ሰው ጋር ያገናኝሻል። የተጋነነውን ግን አንድ ጠንቃቃ ፕሮፌሰር በደቂቃ ውስጥ ለይቶ ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛው ሐሳብ እቤትሽ ነው ያለው። የሩዝ ቅርፊት ሲቃጠል የሚተርፈው አመድ አብዛኛው ሲሊካ ነው። ሲሊካውን በማግኒዥየም አድርጎ ወደ ሲሊኮን መለወጥ ይቻላል። ሲሊኮን ደግሞ ለሊቲየም ባትሪ አኖድነት (ለኔጌቲቭ ኤሌክትሮድ) ዓለም የሚፈልገው ቁስ ነው፦ ግራፋይት በግራም 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲይዝ ሲሊኮን በንድፈ ሐሳብ 3,500 ያልፋል። ችግሩ ሊቲየም ሲገባበት መጠኑ ወደ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ቶሎ ይሞታል። ይህኛው ሲፈተን ግላቭ ቦክስ ይፈልጋል። ቁሱን እዚህ አዘጋጅቶ፣ ግላቭ ቦክስ ካለው ቡድን ጋር ተባብሮ መፈተን ግን የተለመደ አሠራር ነው። ወረታ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለ፤ የትኛው ዝርያ ምን ያህል ቅርፊት እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው እዚያ አታጪም። ፔሮቭስካይትን ግን እኔ ብሆን ለመጀመሪያ ርዕስ አልመርጠውም። እርጥበት ይጎዳዋል፣ የሚወዳደሩትም ብዙ ገንዘብ ያላቸው ቡድኖች ናቸው።

ሌላው ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት መግቢያው ነው። ከውጭ ጽሑፍ ላይ «ፀሐይና ነፋስ ስለሚቆራረጡ ባትሪ ያስፈልጋል» የሚለውን ይገለብጣሉ። የእኛ ዋናው የመብራት መስመር እኮ አብዛኛውን ኃይል የሚያገኘው ከውሃ ነው። 460 ሜጋ ዋት የሆነው ጣና በለስ ጣናን ራሱን እንደ ማጠራቀሚያ ይጠቀማል። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው ሕዳሴም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ግድቡ ውሃ ያዘ ማለት ኃይል አከማቸ ማለት ነው። ታዲያ እኛ ባትሪ የምንፈልገው የት ነው? መስመር ያልደረሰበት ቀበሌ፣ ክትባት የሚያቀዘቅዝ ጤና ኬላ፣ የስልክ ማማ፣ ባጃጅና መኪና ላይ ነው። የአባትሽ ጎረቤቶች በሶላር ፓምፕ ቢያጠጡ ደግሞ ባትሪ ላያስፈልጋቸው ይችላል። ቀን ፀሐይ ሳለ ውሃውን ከፍ ያለ ታንከር ውስጥ ሞልቶ ማታ መልቀቅ ይበቃል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ተመራማሪ ያስፈልገናል።

ስለ እንጀራም ላንሳ፤ አባትሽ «ተምራ ምን ልትሠራ ነው?» ማለታቸውን ጽፈሻል፣ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ ኤሌክትሪኩ እየበዛ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። የደከመው ባትሪ ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚለካ፣ ለቤት ሶላር ይሁን ወይስ ይፈታ ብሎ የሚወስን ሰው ይፈለጋል። ሙያው የሚጠይቀው አንቺ በፖቴንሽዮስታት የምትማሪውን መለካት ነው። በዩኒቨርሲቲ በኩል ደግሞ የረዳት ምሩቅ ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳደሪ። ከተቀጠርሽ ደመወዝ እያገኘሽ ማስተርስ የምትማሪበት መንገድ ይከፈታል። ለቤተሰብሽ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ምርምሩ ራሱ ግን እንደሚዘገይ ለአባትሽ አትደብቂ። ለሊቲየም ባትሪ መሠረት የሆነው የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ሥራ በ1980 ታትሞ ሶኒ ባትሪውን ገበያ ያወጣው በ1991 ነው፤ ያንን ሥራ የመራው ጆን ጉድኢናፍ ደግሞ የኖቤል ሽልማቱን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር በ2019 ሲቀበል ዕድሜው 97 ነበር። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ውጭውንም ጎን ለጎን ሞክሪ። ኢራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ውስጥ በኃይል ማከማቻና መለወጫ ቁሶች ላይ የሚያስተምር ሜስክ ፕላስ የሚባል ማስተርስ አለ። የታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በባትሪ ዘርፍ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል፤ ከእነሱ አንዱን ፈልገሽ ስለ ኑሮውም ስለ ሥራውም ጠይቂ። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ዶክትሬት ማመልከት እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፊ አጭር ይሁን። ከጽሑፎቹ አንዱን በእርግጥ አንብበሽ፣ ያልገባሽን አንድ ነጥብ ጠይቂ፣ ከሶላር ደብተርሽ ያየሽውን በሁለት መስመር አክዪ። አንድ ዓይነት ኢሜይል ለሃምሳ ሰው አትላኪ፣ ያስታውቃል።

ንባብ ላይ ብር አታውጪ። ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው በኩል የኢትዮጵያ ተቋማት ብዙ ጆርናሎችን ያገኛሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዎች ጠይቂ። «በሳምንት እናትምልሻለን፣ ይህን ያህል ዶላር ላኪ» የሚል ኢሜይል ከመጣ አጥፊው፣ አትመልሺ። ላፕቶፕ ካለሽ ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ። ፓይባም የሚባለው የባትሪ ሞዴል በነፃ ይወርዳል፣ ማቴሪያልስ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ የቁሶች መረጃ በነፃ ተከፍቷል። ወደ ስሌቱ ካዘነበልሽ፣ በአፍሪካ አገሮች እየተዘዋወረ የሚሰጥና በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደ አሴስማ የሚባል ሥልጠና አለ፤ ቀጣዩን ተከታተዪ።

አሁን የምጠብቅብሽ ይህ ነው። ሥራውን ከጀመርሽ በኋላ ፔዳና ፖሊ ሄደሽ ያየሽውን፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራና የትኛው እንደቆመ ጻፊልኝ። ከእምቦጩና ከሩዙ የትኛው እንደሳበሽም በአንድ ገጽ አድርገሽ፣ ጥያቄውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጠሽ ላኪልኝ። አንብቤ ምልክት አድርጌበት እመልስልሻለሁ፤ ከዚያ የትኛውን አማካሪ ብታነጋግሪ እንደሚሻል አብረን እናያለን።